አውሬውን ሳያሳዩ ማስፈራት

«አስፈሪ» የሚለው ቃል ማንንም አስፈርቶ አያውቅም። «አስፈሪው ጅብ»፣ «ጨካኙ ነብር»፣ «መርዘኛው እባብ» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው እሺ ብሎ ያልፋል። አምኗችኋል፤ ግን ልቡ አልመታም።

ሰሞኑን ሰው ስለሚፈራቸው እንስሳት የተገጠሙ ነገሮችን ሰብስቤ እያነበብኩ ነው። የእኛንም፣ የውጭ አገሮቹንም። ሳነብ በለሆሳስ አላነብም፤ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ ምክንያቱም እነዚህ ግጥሞች በዓይን ብቻ ሲነበቡ ግማሻቸው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እያደር አንድ ነገር ግልጽ እየሆነልኝ መጣ። ግጥም ውስጥ አውሬ የሚያስፈራው ሲታይ አይደለም፤ ሲሰማ ነው። ጎበዝ ገጣሚ የአውሬውን አንድ ቁራጭ ብቻ ያሳያል። ዓይኑን፣ አረማመዱን፣ ያለፈበትን ሣር። የቀረውን ለቃላቱ ድምፅ ይተወዋል፤ ድምፁ ደግሞ በአንባቢው አፍና ትንፋሽ ላይ ሥራውን ይሠራል።

ከቤታችን ልጀምር።

«ጅብ ቢያነክስ እስኪነክስ።»

ሦስት ቃል ናት። ሁላችንም ስንሰማት ነው ያደግነው፤ ስለ ተንኮለኛ ሰው ሲወራ ትወረወራለች፣ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። እስቲ ቆም ብለን እንያት። በመጀመሪያ ሥዕሉ እውነት ነው። የጅብ የፊት እግሮቹ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ ስለዚህ ሲራመድ የተጎዳ ይመስላል። አባባሉን የፈጠረው ሰው አውሬውን ደህና አድርጎ አይቶታል። ጥርሱን አልጠቀሰም፤ መንጋጋውን አልጠቀሰም። የሚያሳዝነውን አረማመድ ብቻ ነው የወሰደው።

ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል። ማነከስና መንከስ በጆሮ በጣም ይቀራረባሉ። ጆሯችን የመጀመሪያውን ሰምቶ «አይ፣ ምስኪን» ሊል ሲዘጋጅ ሁለተኛው ይደርሳል፤ ሲደርስም አዲስ ድምፅ ይዞ አይመጣም፣ ያንኑ «ነክስ» ነው የሚደግመው። ንክሻው ከመጀመሪያውም እዚያው እርምጃ ውስጥ ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ደግሞ ቀለሙን፣ በአፍ ሲባል የሚሰማውን እያንዳንዱን የድምፅ ምት፣ ቁጠሩት። «ጅብ ቢያነክስ» አምስት ነው፤ «እስኪነክስ» አራት። ሁለተኛው ግማሽ አንድ ቀለም ያጥራል። ጅቡ ከጠበቅነው ቀድሞ ይደርሳል። ይህንን ማን አስቦ እንደሠራው አይታወቅም፤ ምናልባትም ማንም በአንዴ አልሠራውም፣ ከአፍ አፍ ሲዞር የማይጠቅመው እየረገፈ የሚነክሰው ብቻ ቀርቶ ይሆናል።

ሌላዋ የምወዳት ይህች ናት፦ «በጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው።» እዚህ ጅቡ ሞቷል። ከገላው የቀረው የክራር አውታር የሆነ ጅማት ብቻ ነው። ግን አሁንም ይራባል። «እንብላው» ስትሉ ከንፈራችሁን አስተውሉ። ስንናገረው «እምብላው» ነው የሚሆነው፤ ከንፈር ይገጥማል፣ ይከፈታል፤ እንደገና ይገጥማል፣ ይከፈታል። ሁለት ጊዜ ማኘክ ነው። አባባሉን የሚናገረው ሰው ሳያውቀው የጅቡን አፍ በራሱ አፍ እየሠራ ነው። ዜማና ረሃብ በአንድ ድምፅ ታስረዋል፤ ክራሩን ማን ይዞት ነበር የሚለውን እንኳ አንጠይቅም።

የጅብን ድምፅ በሌሊት የሰማ ሰው አባባሎቹ ለምን በጆሮ እንደተሠሩ ይገባዋል። ጅብ አገራችን ውስጥ ከሚታይ ይልቅ የሚሰማ አውሬ ነው። ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ እየተጎተተ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይቆረጣል። ኪሎ ሜትሮች አልፎ ይሰማል፤ በዚያ ላይ ከየት እንደመጣ በጨለማ መለየት ይከብዳል። ሳቁ የሚባለው ደግሞ የደስታ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሌላ ጅብ የተባረረ ወይም ምግብ ላይ የተጨናነቀ ጅብ የሚያወጣው የጭንቀት ድምፅ ነው። እኛን የሚያርደን ድምፅ የፈራ አውሬ ድምፅ ነው ማለት ነው፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያንን ድምፅ እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

ሐረር ላይ ግን ሰው ከዚህ ድምፅ ጋር ሌላ ዓይነት ስምምነት አድርጓል። የጀጎል ግንብ ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች በስም ይጠሯቸዋል፤ ጅቡም ስሙን ሰምቶ ይመጣል። ስም ያለው አውሬ ያስፈራል? ያስፈራል፣ ግን በሌላ መንገድ።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልሂድና ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ግጥም ላንሳ። የእንግሊዙ ዊልያም ብሌክ ስለ ታይገር፣ ስለዚያ ዝንጉርጉር የእስያ ትልቅ አውሬ፣ የጻፈውን። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1794 ነው። ብሌክ የመዳብ ቅርጽ ሠራተኛ ነበር፤ ግጥሞቹን ከነሥዕላቸው ራሱ መዳብ ላይ በአሲድ እየቀረጸ ራሱ ያትማቸው ነበር፤ ባለቤቱ ካትሪንም ቀለም በመቀባት ታግዘው ነበር። የመዳብና የአሲድ ሰው ነው። ይህንን ያዙልኝ።

ግጥሙ ስድስት አንጓ አለው፤ እያንዳንዱ አራት መስመር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች በፊደላችን ላስቀምጣቸው፣ እንግሊዝኛ የማይችልም ሰው ጮክ ብሎ ያንብባቸው፦

ታይገር ታይገር፣ በርኒንግ ብራይት፣
ኢን ዘ ፎረስትስ ኦፍ ዘ ናይት።

በሌሊቱ ጫካ ውስጥ እየነደደ ያበራል ነው ነገሩ። ትርጉሙን ለጊዜው ተዉት። ምቱን ስሙ። ታይ-ገር፣ ታይ-ገር፣ በር-ኒንግ፣ ብራይት። እያንዳንዱ ምት ከፊት ከበድ ብሎ ይወርዳል፣ ወዲያው ይቀላል፤ መጨረሻው ላይ ግን ማቅለያው ቀለም ተቆርጦ ይቀርና መስመሩ በከባዱ ይዘጋል። መዶሻ ነው። ግጥሙ ግማሹ ላይ ሲደርስ መዶሻው በስሙ ይጠራል፦ ምን ዓይነት መዶሻ፣ ምን ዓይነት ሰንሰለት፣ አንጎልህ በየትኛው እቶን ውስጥ ነበረ፣ በምን መስፍ ላይ ተቀጠቀጥክ ይላል። በዚያን ጊዜ ግን ጆሯችን ካወቀው ቆይቷል። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ቀጥቃጭ ቤት ውስጥ ነበርን።

ይህን ግጥም ደጋግሜ ሳነብ አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ታይገሩ ውስጡ የለም። ጥርስ ፈልጉ፤ የለም። ጥፍር የለም። ሲያገሳ አይሰማም። ዝንጉርጉር ቆዳው እንኳ በቀጥታ አልተጠቀሰም። ያለው የዓይኑ እሳት፣ የልቡ ጅማት፣ አንጎሉ ነው። አንድ ቦታ ላይ ልቡ መምታት ሲጀምር «የትኛው አስፈሪ እጅ? የትኛውስ አስፈሪ እግር?» ይልና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቀራል። በረቂቁ ላይ የሚቀጥልበት መስመር ነበረው፤ ብሌክ ያንን አወጣውና ጥያቄውን ተንጠልጥሎ ተወው። እዚያ ጋ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ትንፋሽ ይቆረጣል። የማንስ እጅ፣ የማንስ እግር? የሠሪው ይሁን የአውሬው አይለይም። የፈራ ሰው አረፍተ ነገር አይጨርስም።

ደግሞ ግጥሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥያቄ ነው። አንድም መልስ የለውም። አውሬው እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው የሚል መስመር አታገኙም። ማን ሠራህ? በምን ደፈረ? በሥራው ፈገግ አለ? በግን የሠራ ነው አንተንም የሠራህ? የመጨረሻው አንጓ የመጀመሪያውን ቃል በቃል ይደግመዋል፣ አንዲት ቃል ብቻ ትቀየራለች፤ መጀመሪያ «ማን ሊሠራህ ቻለ» የነበረው መጨረሻ ላይ «ማን ሊሠራህ ደፈረ» ይሆናል። ፍርሃቱ ከአውሬው ወደ ሠሪው የዞረው በዚህች አንዲት ቃል ነው።

ብሌክ ከግጥሙ በታች ታይገሩን ሥሎታል። ሥዕሉን ያየ ሰው ግራ ይገባዋል፤ ገራም ነው፣ በአንዳንዱ ቅጂ ላይ ፈገግ ያለም ይመስላል። ለምን እንዲህ አደረገው የሚለው ላይ ብዙ ክርክር አለ። እኔ ግን ሥዕሉ ለምለው ነገር ጥሩ ምስክር ነው እላለሁ። ያው ሰው፣ ያው መዳብ ላይ፣ ያንኑ አውሬ በቃል ሲሠራው ያርዳል፤ ሙሉ ገላውን ሲያሳየው ፍርሃቱ ይጠፋል።

በጥያቄ ማስፈራት ግን ብሌክ የጀመረው አይደለም። መጽሐፈ ኢዮብን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዘዋል። ምዕራፍ 41 ላይ እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ሌዋታን፣ ስለዚያ የባሕር አውሬ፣ ይጠይቀዋል፤ በመንጠቆ ልታወጣው ትችላለህን? ምላሱን በገመድ ልታስር ትችላለህን? ይለምንሃልን? ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይወርዳል፤ «ን»ው በየመጨረሻው ይደገማል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዜማ ሲነበብ ያቺ «ን» በጆሮ ላይ ታንኳኳለች። ብሌክ መጽሐፈ ኢዮብን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በስተርጅናው ለዚሁ መጽሐፍ የመዳብ ሥዕሎች ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1826 ታትመውለታል፣ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት። ታይገሩን ሲጠይቅ የሌዋታን ጥያቄዎች ጆሮው ውስጥ እንደነበሩ ለእኔ ግልጽ ነው።

እዚህ ጋ ወደ አገራችን የሚመልሰኝ ነገር አለ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ብሌክ አውሬን በቀጥቃጭ እጅ ሠራው። እኛ አገር ደግሞ ቀጥቃጩን ራሱን አውሬ አድርገነዋል። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው «ቡዳ ነው» ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ቤተ እስራኤሎች ይህ ስም ለትውልዶች ተለጥፎባቸው ኖረዋል። ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል አገር ናቸው፤ ሽማግሌዎቻቸው ግን ያንን ስም አልረሱትም። ገበሬው ማረሻውን ከሠራለት ሰው፣ ጋኑን ካበጀችለት ሴት ቀን ገበያ ላይ ይገዛል፤ ማታ ጅብ ሲጮህ ስማቸውን ያነሳል።

ይህ ሥዕል ኃይለኛ ነው። እሳት፣ ወናፍ፣ ሌሊት፣ ቅርጹን የሚቀይር ገላ፤ ለግጥም የሚመች ሁሉ ተሟልቶለታል። ለዚህም ነው የሚያስጠላኝ። ብሌክ አስፈሪውን አውሬ ፊቱ አቁሞ ጠየቀው፤ የእኛ ሥዕል ግን ሳይጠይቅ ፈረደ፣ የተፈረደበትም አውሬው ሳይሆን ጎረቤት ነበር። ስለ ጅብ የሚጽፍ የአማርኛ ገጣሚ ይህንን ሸክም አውቆ ቢጽፍ እመኛለሁ። ዛሬም ጅብን ለሰው ምሳሌ አድርገው የሚጠቀሙ ግጥሞች ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ላይ ነው የሚያርፈው?» ብዬ ነው።

ወደ እባብ ልለፍ።

አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ዲክንሰን ወደ 1800 የሚጠጉ ግጥሞች ጽፋለች። በሕይወት ሳለች የታተሙላት ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዱ የእባብ ግጥሟ ነው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1866 ስፕሪንግፊልድ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ያለ ስሟ ወጣ። ግጥሙ ውስጥ «እባብ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። «ቀጭኑ ሰውዬ» ነው የምትለው፣ ሣር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚሄድ። ጋዜጠኞቹ ምን አደረጉ? ከላይ «እባቡ» ብለው ርዕስ ሰጡት! ግጥሙ ሙሉ በሙሉ የተሠራው ስሙን ባለመጥራት ላይ ነው፤ እነሱ ከደጃፉ ላይ ጠሩት። ሦስተኛው መስመር ላይም የራሳቸውን ሥርዓተ ነጥብ ጨመሩ። ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ያንን አንስታ አማርራለች። በነጥብ እንዲህ መናደድ ለሚገርመው ሰው መልሱ ግጥሙ ውስጥ ነው፤ እባቡ የሚያልፈው በቃላቱ መካከል ባለው ትንፋሽ ነው፣ እዚያ ላይ ነጥብ ከተከልክ መንገዱን ዘጋህበት።

እሷም ብትሆን አውሬውን አታሳየንም። ሣሩ በማበጠሪያ እንደተለየ ፀጉር ይከፈታል፣ ነጠብጣብ ያለበት ዘንግ ብልጭ ይላል፣ ሣሩ እግራችን ሥር ይዘጋል፣ ወደ ፊት ራቅ ብሎ እንደገና ይከፈታል። በቃ። ድምፁም ከዚያው ነው፤ «ስ» እና «ዝ» በየመስመሩ ይሾልካሉ፣ ቤቱም በመጀመሪያዎቹ አንጓዎች በግማሽ ነው የሚመታው፤ ጆሮ «ገጠመ» ሊል ሲል ያመልጠዋል። መጨረሻው ላይ ግን «አሎን» እና «ቦን» ብላ ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች። ያንን ፍጡር ባጀብም ሆነ ብቻውን ባገኘሁት ቁጥር ትንፋሼ ሳይጠብና አጥንቴ ዜሮ ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም ነው የምትለው።

መሐል ላይ ደግሞ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ቦታ አለ። ተናጋሪው ልጅነቱን ያስታውሳል፤ ባዶ እግሩን፣ በቀትር፣ ፀሐይ ላይ የተፈታ ጅራፍ መሬት ላይ ያይና ሊያነሳው ጎንበስ ይላል፣ ጅራፉ ይሸበሸብና ይሄዳል። ከብት የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህንን ትዕይንት ያውቀዋል። ጅራፍ የልጅ ሀብት ነው፤ ወድቆ ያገኘ እረኛ ዝም ብሎ አያልፈውም። የእኛ ተረት ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ይይዘዋል፦ «እባብ ያየ በልጥ በረየ።» እሷ ዘንድ ጅራፍ የመሰለው እባብ ነው፤ እኛ ዘንድ እባብ የመሰለው ልጥ ነው። አንዱ ከፍርሃት በፊት ያለውን ሰው ያሳያል፣ ሌላው ከፍርሃት በኋላ ያለውን። ድምፁንም ስሙት፤ «ያየ»፣ «በረየ»፣ ሁለቱም «የ» ላይ ያርፋሉ። ማየትና መበርገግ አንድ ቤት መቱ፤ በመካከላቸው ማሰብ የለም።

ለዚያ «አጥንቴ ዜሮ ሆነ» ለሚለው አማርኛ የራሱ ነገር አለው። «ክው አልኩ።» «ክው» ሁለት ፊደል ናት። ከጉሮሮ ይነሳል፣ ከንፈር ላይ ይዘጋል፣ ውስጡ ባዶ ነው። አማርኛ በእንዲህ ዓይነት ቃላት የታደለ ቋንቋ ነው፤ ሹልክ አለ፣ ብልጭ አለ፣ ጥፍት አለ፣ እምሽክ አደረገ፣ ቀጥ አለ። ነገሩን አይገልጹትም፤ ያደርጉታል። «እባቡ በፍጥነት ሄደ» ያለ ሰው ዜና ነገረን። «ሹልክ አለ» ያለ ሰው ጋ እባቡ አሁን እግራችን አጠገብ ነው። የሚገርመኝ፣ ዘመናዊ ግጥሞቻችን ብዙ ጊዜ እነዚህን ቃላት የመንደር ወሬ ናቸው ብለው ይተዉና በምትካቸው «አስደንጋጭ»፣ «ዘግናኝ»፣ «አሰቃቂ» ይደረድራሉ። ከዜና ማሰራጫ የተዋስናቸው ቃላት ናቸው። ሹልክ አይሉም።

አንበሳን በተመለከተ አጭር ልበል፤ ምክንያቱም በአማርኛ ግጥም አንበሳ የሚያስፈራ አይመስለኝም። በፉከራና በቀረርቶ ዘመን ያስፈራ ነበር፤ ገዳዩ ጎፈሩን አጥልቆ «ዘራፍ!» ሲል የአንበሳውን ግሳት በራሱ ጉሮሮ እየወሰደ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንበሳ ማኅተም ሆነ፣ ሐውልት ሆነ፣ አውቶቡስ ላይ ተጻፈ። አብዝተን አሳየነው። ስለ እሱ ከቀሩት የሚያምረኝ እሱ የተሸነፈበት ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። ድር፣ ያብር፣ ያስር፤ «ር»ዋ እየተደጋገመች ክሩን ትጠመጥምበታለች።

የታሰረ አውሬ ካነሳን የኦስትሪያው ገጣሚ ሪልከ ፓሪስ የዕፅዋት ግቢ ውስጥ በፍርግርግ ስለተዘጋ ፓንተር፣ የነብር ዓይነት አውሬ፣ የጻፈው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው መድበል ውስጥ ይገኛል። አሥራ ሁለት መስመር ብቻ። በጀርመንኛው የብረት ዘንጎቹ ስም «ሽቴበ» ነው፤ በመጀመሪያው አንጓ ውስጥ ብቻ ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ በዚያ ላይ «ጌበ» የሚል ቃል ከእሱ ጋር ቤት ይመታል። ሽቴበ፣ ጌበ፣ ሽቴበ። አንባቢውም ከአውሬው ጋር ከዘንግ ዘንግ ይቆጥራል። እዚህ ግጥም ላይ ፍርሃቱ ወደ ድካም ዞሯል፤ ድምፁ ያው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ግን የሚሠራው እስር ቤት ነው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዶ ከአጥሩ ፊት ትንሽ የቆመ ሰው ሪልከ ምን እንደሰማ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ወሬ ብቻ እንዳይሆን። አማርኛ ለፍርሃት የሚሆን መሣሪያ ከብዙ ቋንቋ በላይ አለው ብዬ አምናለሁ። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ አሉን፤ ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ተይዞ በድንገት የሚለቀቁ ድምፆች። መጥበቅና መላላት አለን፤ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ላይ ምላስ ትንሽ ትቆያለች፣ ያቺ መቆየት ለሚጠብቅ ሰው ረጅም ናት። ወል ቤት አለን፤ ስድስት ቀለም፣ ማረፊያ፣ ስድስት ቀለም። ማረፊያው ላይ ዝምታ አለ። አውሬ የሚኖረው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ይህንን ለማየት ያህል ሁለት መስመር ሠርቼ ነበር፦

ውሻው ጮሆ ጮሆ፣ በድንገት ጭጭ አለ፤
ከአጥራችን ጥግ በኩል፣ አንድ እንጨት ቀጭ አለ።

ጅብ የሚል ቃል የለም፤ ጨለማም አልተባለም። ውሻው የሚጮህበት «ጨ» እና ዝም የሚልበት «ጭ» አንድ ድምፅ መሆናቸው ሥራውን ያቀለዋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ እኔ ሳልነግረው ያውቃል፤ ውሻ የሚጮኸው ጅቡ ሲሄድ ከሆነ፣ ጭጭ ያለው ማን ሲመጣ ነው? መጀመሪያ ሁለተኛውን መስመር «አንድ ነገር መጣ» ብዬ ነበር የጨረስኩት። «መጣ» ሲል ነገሩ ሁሉ ረገበ። እንጨቱን ስሰብረው ተመለሰ። የመጨረሻው «ቀጭ» ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ አንብቡት።

ነብርን እስካሁን አላነሳሁም። ስለ ነብር ያሉን አባባሎች ብዙ ናቸው፤ «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» የሚለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምታስደንቀኝ ሰው ሰውን ሲያስፈራራ የሚላት ናት፦

«ነብር አየኝ በል!»

በንዴት ስለምንወረውራት ግጥም መሆኗ አይታየንም። ነብር አየሁ በል አላለም። ነብር አየኝ። ነብሩን አንተ አላየኸውም፤ እሱ ነው ያየህ። የት ነው ያለው? አልተነገረህም። ምን ያህል ነው? አልተነገረህም። ቆዳው፣ ጥርሱ፣ ዝላዩ፣ ምንም የለም፤ ዓይን ብቻ፣ ያውም ካንተ የተሰወረ ዓይን። ይህ ደግሞ የነብር እውነተኛ ጠባዩ ነው፤ ነብር ያለበት አካባቢ የሚኖር ገበሬ ዱካውንና የተበላውን ፍየል እንጂ ነብሩን የሚያየው ከስንት አንዴ ነው። ድምፁም ቢሆን፣ «ነብር» ብሎ ከንፈር ይገጥምና ይለቃል፣ «አየኝ» ሲል አፍ ይከፈታል፣ «በል» ሲል በ«ል» ተቆርጦ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ የተሰጠህ የመሮጫ ጊዜ ነው። ብሌክ ሃያ አራት መስመር የፈጀበትን ያንን የሚነድ ዓይን፣ ስሙ የማይታወቅ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ተቆጥቶ በሦስት ቃል ጨረሰው።